የሞኒተር ሪዞሉሽን አልስተካከል ሲል፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ የምትሠሩት

ፊደሉ ገዝፎ ስክሪኑን ሞልቶታል። ወይ ደግሞ ደብዝዞ ዓይን ያደክማል። ክብ የነበረው አርማ እንቁላል መስሏል፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኗል። ሴቲንግ ውስጥ ገባችሁ፣ ያገኛችሁትን ቁጥር ሁሉ ሞከራችሁ፣ አልሆነም። ከዚያ አንዱ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አላችሁ። ፎርማት ተደርጎም ችግሩ እዚያው ነው።

እዚህ ባሕር ዳር የጽሑፍና የፕሪንት ቤቶችን ኮምፒውተር ስጠግን ይሄን ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ሰው የሚቸገረው ሥራው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጠው ነው። ሪዞሉሽን ማለት ስክሪኑ በስፋትና በቁመት የሚያሳያቸው ነጥቦች ብዛት ነው። ሞኒተሩ በኬብሉ በኩል «ስፋቴ ይህን ያህል፣ ቁመቴ ይህን ያህል ነው» ብሎ ራሱን ለኮምፒውተሩ ያስተዋውቃል። ኮምፒውተሩ ይህን ካልሰማ በግምት ይሠራል። ሰምቶም የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከሌለው የሰማውን መፈጸም አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሞኒተሩን ልክ ማወቅ፣ ቀጥሎ ኬብሉን ማየት፣ ከዚያ ሴቲንግ፣ ድራይቨር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። የሜኑዎቹን ስም ስክሪናችሁ ላይ እንደምታነቧቸው በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የተከፈተ ሥራ ካለ ሴቭ አድርጉና ዝጉ። ይህን መመሪያ በስልካችሁ ክፈቱት፣ መሐል ላይ ስክሪኑ ሊጨልም ስለሚችል ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ካነበባችሁት ትቸገራላችሁ። አሁን ያለውን የዲስፕሌይ ሴቲንግ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ አንድ የሚሠራ ኬብል ተዋሱ። ከሁሉም በላይ የሚረዳችሁ እሱ ነው።

ስለ መብራት ደግሞ አደራ። ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት ድራይቨር አትጫኑ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው በደንብ ይሞላ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራቱ የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቁ። ድራይቨር እየተጫነ መብራት ከሄደ ሪዞሉሽን ብቻ የነበረው ችግር ዊንዶውሱ አልነሳም ወደ ማለት ሊሄድ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ለዩ

ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ምን እንደምታዩ በቃል ተናገሩት። «ተበላሽቷል» አይበቃም።

ሁሉም ነገር ገዝፎ፣ የሪዞሉሽን ምርጫውም 1024×768 ላይ ካቆመ ችግሩ ወይ ኬብል ወይ ድራይቨር ነው። ምርጫው ሙሉ ሆኖ ፊደሉ ብቻ ከደበዘዘ የሞኒተሩ ትክክለኛ ቁጥር አልተመረጠም፣ ወይም ቪጂኤው (በሁለት ብሎን የሚታሰረው የቆየው የሞኒተር ኬብል) ማስተካከያ ይፈልጋል። ታስክባሩ ከታች ተቆርጦ ከጠፋና ስክሪኑ ቴሌቪዥን ከሆነ ቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ። አንድ ፕሮግራም ብቻ ደብዝዞ ሌላው ጥርት ያለ ከሆነ ደረጃ 5 ላይ መልሱ አለ። ስክሪኑ ጨልሞ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ወይም «ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ» ካለ ሞኒተሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል ማለት ነው፣ ደረጃ 7ን እዩ።

ደረጃ 2፦ የሞኒተሩን ትክክለኛ ልክ ፈልጋችሁ ጻፉት

ጠፍጣፋ ሞኒተር ሁሉ በፋብሪካ የተሠራበት አንድ ልክ አለው። ከዚያ ውጪ ያለው ቁጥር ሁሉ ምስሉን ይለጥጠዋል ወይም ይጨፈልቀዋል፣ ለዚህ ነው የሚደበዝዘው። ሞኒተሩን አዙሩና ከኋላ የተለጠፈው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር በኢንተርኔት ፈልጉት። ብዙ ሞኒተሮች በራሳቸው ሜኑ ውስጥ «ኢንፎርሜሽን» የሚል ቦታ አላቸው፣ ጥሩውን ሪዞሉሽን እዚያ የሚጽፉም አሉ።

እኛ ጋ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

- 17 ኢንች እና 19 ኢንች ካሬ መሰል፦ 1280×1024
- 18.5 ኢንች ሰፊ፦ 1366×768
- 19 ኢንች ሰፊ፦ 1440×900
- 20 ኢንች፦ ብዙ ጊዜ 1600×900
- 22 ኢንች፦ 1680×1050 ወይም 1920×1080
- 24 ኢንች፦ 1920×1080፣ አንዳንዱ 1920×1200

ኢንቹን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። 19 ኢንች ሁለት ዓይነት ነው፣ 22 ኢንችም እንደዚያው። ያገለገለ ሞኒተር ስትገዙ ሻጩ «ፉል ኤችዲ ነው» ሲላችሁም ሞዴሉን እዩ። በተለይ አነስ ያሉ ቴሌቪዥኖች 1920×1080 ምስል ይቀበሉና በራሳቸው 1366×768 ላይ ጨፍልቀው ያሳያሉ። ምስሉ መጣ ማለት ልኩ እሱ ነው ማለት አይደለም።

ያገኛችሁትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ እሱ ቁጥር ላይ ለመድረስ ነው።

ደረጃ 3፦ ኬብሉን መርምሩ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ሰው ሁሉ የሚዘልለው ይሄን ነው።

ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጽፉበት አንድ ቤት አለ። ባለቤቷ ደውላ «ወንድሜ፣ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፣ ተማሪዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ድምጿ ያሳዝን ነበር። ሄድኩ። ሰፊው ሞኒተሯ 1024×768 ላይ ቆሟል። ኬብሉን ነቅዬ ጫፉን በስልኬ መብራት ሳየው አንዷ ፒን ተኝታለች። በቀጭን ወረንጦ ቀስ ብዬ አቀናኋት፣ መልሼ ሰካሁት፣ 1440×900 ከነ«ሪኮመንድድ»ው ምርጫው ውስጥ መጣ። ሦስት ፎርማት፣ የጠፋ ፋይል፣ የከሰረ ቀን፣ ሁሉም በአንዲት ፒን።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ኮምፒውተሩንም ሞኒተሩንም አጥፉ፣ የመብራት ሶኬታቸውንም ንቀሉ።
2. ኬብሉን በሁለቱም በኩል ንቀሉ። ቪጂኤ ከሆነ የጎንና የጎን ብሎኖቹን መጀመሪያ ፍቱ፣ ሳትፈቱ አትጎትቱ።
3. የቪጂኤውን ጫፍ ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ወደ ራሳችሁ አዙሩት። በሦስት ረድፍ 15 ቦታ አለ። የታችኛውን ረድፍ ከግራ ቁጠሩ። ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ፒን፣ ማለትም 12ኛዋና 15ኛዋ፣ የሞኒተሩን ማንነት የሚያስተላልፉት ናቸው። አንዷ ከጠፋች ወይም ከተኛች ምስል ይመጣል፣ መተዋወቁ ግን የለም።
4. የተኛ ፒን ካለ በወረንጦ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አቅኑት። ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ይሰበራል። ከተሰበረ ኬብሉን ቀይሩት።
5. መልሳችሁ ስኩ፣ ብሎኑን በእጅ አጥብቁ፣ መጀመሪያ ሞኒተሩን ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አብሩ።

አትደንግጡ፦ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን የሌለው ኬብል ብዙ ነው። 9ኛው ቦታ ባዶ ሆኖ የሚሠራው ከፋብሪካው ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች ክረምት ላይ ርጥበት ስለሚበዛ የኬብል ጫፍ ዝጎ አግኝቼ አውቃለሁ። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ ካስፈለገም ትንሽ አልኮል ንኩበትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ሆኖ አትሰኩት።

ኤችዲኤምአይ ለምትጠቀሙ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ላይ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካለው ከኋላ ሁለት ቦታ የኤችዲኤምአይ ፖርት ታያላችሁ። ኬብሉ የሚሰካው ታች በአግድም ከተቀመጠው ካርድ ላይ ነው፣ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ካላችሁ ለጊዜው አውጡትና ያለ እሱ ሞክሩ። ርካሹ አዳፕተር የሞኒተሩን መልእክት በትክክል የማያስተላልፍበት ጊዜ አለ። በተገላቢጦሽም አይሠራም፣ ወጪው ቪጂኤ ከሆነና ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ከሆነ ሌላ ዓይነት አዳፕተር ያስፈልጋል።

የተዋሳችሁት ኬብል ሲሰካ ችግሩ ከጠፋ እዚህ ላይ አቁሙ። ኬብል ግዙ፣ ሌላ ነገር አትንኩ።

ደረጃ 4፦ ሪዞሉሽኑን ምረጡ

1. ዴስክቶፕ ላይ ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»ን ክፈቱ።
2. ሁለት ስክሪን ከተሰካ ከላይ 1 እና 2 የሚሉ ሳጥኖች አሉ። የምታስተካክሉትን መጀመሪያ ክሊክ አድርጉት። ይህን ረስቶ የላፕቶፑን ስክሪን የሚያበላሽ ብዙ ነው።
3. ወደ ታች ውረዱ፣ «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» የሚለውን ክፈቱ።
4. ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር ምረጡ። ጎኑ ላይ «ሪኮመንድድ» የሚል ካለበት ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ተዋውቀዋል ማለት ነው።
5. «ኪፕ ቼንጅስ» ብሎ ሲጠይቅ ምስሉ ደህና ከሆነ ብቻ እሺ በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመረጣችሁ በኋላ ስክሪኑ ከጨለመ ምንም አትንኩ። 15 ሰከንድ ጠብቁ። እሺ ካላላችሁት ዊንዶውስ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ኢንተር ሲጫን «ኪፕ» ሊል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ነው መከራው።

ቁጥራችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በግድ ሌላ አትምረጡ። ኬብሉን አይታችኋል፣ የቀረው ድራይቨር ነው፤ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

ቁጥሩ ኖሮ ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብታችሁ ሪፍሬሽ ሬቱን፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ብዛት፣ 60 ሄርዝ አድርጉት። ለጽሑፍ ሥራ 60 በቂ ነው።

ቪጂኤ ብቻ ለምትጠቀሙ፦ ትክክለኛው ሪዞሉሽን ተመርጦም ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ወይም ፊደሉ ጥላ አብጅቶ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የተሞላ ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈት፣ ከዚያ የሞኒተሩን ቁልፍ ተጭናችሁ «አውቶ አጀስት» በሉት። ባዶ ወይም ጥቁር ስክሪን ላይ ካደረጋችሁት ዳሩን መለየት ያቅተውና ይባስ ያጣምመዋል። ካልጠራ «ፌዝ» የሚለውን በእጅ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ ቀንሱ።

ደረጃ 5፦ ፊደል ለማተለቅ ሪዞሉሽን አትቀንሱ

በጣም የምለምናችሁ ይሄን ነው። ጋሽዬ ወይም እትዬ «ፊደሉ አነሰብኝ» ሲሉ ልጆች ሪዞሉሽኑን ቀንሰው ይሰጧቸዋል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል፣ እነሱም ዓይናቸው የደከመ ይመስላቸዋል።

የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዚህ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይጎዳል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፣ አንዱ ጋ ወገቡ ላይ፣ ሌላው ጋ እግሩ ላይ። ምስሉ ሲለጠጥ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። ስህተት የበዛበት ጽሑፍ ሲመጣ ጸሐፊዋን ከመውቀሳችሁ በፊት ስክሪኗን እዩላት።

ሪዞሉሽኑን ትክክለኛው ላይ ተዉትና እዚያው ገጽ ላይ «ስኬል» የሚለውን ከ100 ወደ 125 ወይም 150 በመቶ አድርጉት። ከዚያ ሳይን አውት ብላችሁ ተመለሱ፣ አንዳንድ ፕሮግራም ሳይዘጋ ስለማይስተካከል። ጽሑፉን ብቻ ማተለቅ ከፈለጋችሁ በሴቲንግስ ውስጥ «አክሰሲቢሊቲ» ሥር «ቴክስት ሳይዝ» አለ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ይባላል።

መሞከሪያው ይሄ ነው፦ ዎርድ ክፈቱ፣ ዙሙን 100 አድርጉ፣ በ11 ሳይዝ «ቡ ቢ ባ ቤ፣ ሁ ሂ ሃ ሄ» ብላችሁ ጻፉ። ወደ ስክሪኑ ሳትጠጉ ለይታችሁ ካነበባችሁ ተስተካክሏል። ካልሆነ ስታርት ላይ «ክሊርታይፕ» ብላችሁ ፈልጉ፣ «አጀስት ክሊርታይፕ ቴክስት» የሚለውን ከፍታችሁ ጥርት ብሎ የሚታያችሁን ሳጥን እየመረጣችሁ ጨርሱ።

አንድ የቆየ ፕሮግራም ብቻ ከደበዘዘ አይከኑ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ ከዚያ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ውስጥ ታች ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርጉና «አፕሊኬሽን» ምረጡ። ጥርት ይላል፣ ግን ሊያንስ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ድራይቨሩን አስተካክሉ

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ»ን ዘርጉት። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ብቻ ካላችሁ ድራይቨር የለም። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ሪዞሉሽን የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ነው። ኢንቴል፣ ኤኤምዲ ወይም ኤንቪዲያ የሚል ስም ካለና ቢጫ ምልክት ከሌለበት ድራይቨር አለ።

1. ኢንተርኔት አገናኙ። «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ውስጥ የዲስፕሌይ ድራይቨር ካለ እሱን ጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው ኦፕሽናል አፕዴትስ» ይላል።
2. እዚያ ከሌለ የኮምፒውተሩን ሞዴል ይዛችሁ ከሠሪው ኩባንያ ድረ ገጽ አውርዱ። ፋይሉ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ ይሻላችኋል።
3. ሲጫን ስክሪኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨልማል። ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩን አታጥፉ።
4. ሪስታርት አድርጉና ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እጭናለሁ» የሚል ፕሮግራም አትጠቀሙ። የማይሆን ድራይቨር ሲጭን፣ ያልጠየቃችሁትን ሌላ ፕሮግራምም አብሮ ሲያስገባ አይቻለሁ።

ድራይቨር ከጫናችሁ በኋላ ከባሰበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን ስም ደብል ክሊክ አድርጉ፣ «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት። ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ኮምፒውተሩ በጣም አሮጌ ከሆነ ለግራፊክሱ የዊንዶውስ 10 ድራይቨር ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የኮምፒውተሩ ድረ ገጽ ላይ ለዊንዶውስ 7 ብቻ የወጣ ካገኛችሁ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በኮምፓቲቢሊቲ ሞክሩት። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል።

ደረጃ 7፦ ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረ

መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ። ኮምፒውተሩ ሲበራ የፋብሪካው አርማ ይታያል? አርማው ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ የሚጨልም ከሆነ የሪዞሉሽን ወይም የድራይቨር ጉዳይ ነው። አርማውም ካልታየ ይህ መመሪያ አይመለከተውም፣ ኬብሉን፣ ሞኒተሩንና ራሙን ነው የምታዩት።

አርማው ከታየ በዚህ ተራ ሂዱ። ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ (B) ቁልፎችን አንድ ላይ ጫኑ፤ ግራፊክሱ ይነሳል፣ ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ካልሆነ ዊንዶውስና ፒ (P) ጫኑ፣ ምስሉ ወደ ሌለ ሁለተኛ ስክሪን ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ የፒ ቁልፍን ደጋግማችሁ እየነካችሁ ኢንተር በሉ። አሁንም ካልሆነ ሌላ ሞኒተር ወይም የቤቱን ቴሌቪዥን ሰክታችሁ ሪዞሉሽኑን ከዚያ ላይ ዝቅ አድርጉ። ቀላሉ መውጫ እሱ ነው።

ሌላ ስክሪን ከሌለ ይህ ይቀራል፦

1. የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭናችሁ አጥፉ። አብሩ፣ ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር እንደገና አጥፉ። ሦስት ጊዜ ያህል ሲደጋገም የመጠገኛው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል።
2. «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»።
3. ዝርዝሩ ሲመጣ 3ን ጫኑ፣ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ይነሳል። ካልተነሳ 4ን፣ ሴፍ ሞድን።
4. ገብታችሁ ልክ የሆነውን ቁጥር ምረጡ፣ ወይም ድራይቨሩን ሮል ባክ አድርጉ።

ይህን የማጥፋት ዘዴ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ብቻ ተጠቀሙበት፣ ዲስኩን ደጋግሞ ማስደንገጥ ጥሩ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ቁጥሩ በእጃችሁ ሳይኖር አትጀምሩት።

ደረጃ 8፦ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር

ቴሌቪዥን ላይ ዳር ዳሩ ከተቆረጠ ኮምፒውተሩን አትንኩ። በሪሞት የምስል መጠን የሚለውን ቦታ ክፈቱ። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት»፣ ኤልጂ ላይ «ጀስት ስካን» የሚል ታገኛላችሁ። ሲመረጥ ታስክባሩ ወዲያው ይመለሳል።

አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ስትሰኩ የላፕቶፑ ስክሪን የሚበላሸው ዊንዶውስ በ«ዱፕሊኬት» ሁለቱንም በአንድ ልክ ለማሳየት ስለሚሞክር ነው። ብዙ ፕሮጀክተር 1024×768 ወይም 1280×800 ነው። ዊንዶውስና ፒ ተጭናችሁ «ኤክስቴንድ» አድርጉት፣ እያንዳንዱ የራሱን ልክ ይይዛል። ስብሰባው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሳይሆን ቀድማችሁ ሞክሩት።

ሁሉን አድርጋችሁ መስመር ወይም ጥቁር ግርፍ ከቀረ

ኬብሉን ከሞኒተሩ ንቀሉና ሞኒተሩን ብቻውን አብሩት። «ኖ ሲግናል» የሚል የራሱን ጽሑፍ ያወጣል። ሜኑውንም በቁልፉ ክፈቱት። መስመሩ እሱ ላይም ከታየ ጉዳቱ የሞኒተሩ የራሱ ነው፣ በሪዞሉሽንም በድራይቨርም አይወጣም። ጽሑፉ ንጹህ ሆኖ ኮምፒውተር ሲሰካ ብቻ መስመር ከመጣ ደግሞ ሞኒተሩን አትጣሉት፤ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ፖርቱን አስመርምሩ።

ጥገና ቤት ስትወስዱት ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥርና የሞከራችኋቸውን ደረጃዎች ይዛችሁ ሂዱ። «ፎርማት እናድርገው» ካሏችሁ ኬብሉ ተቀይሮ ታይቶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።